የቦይ ዳር መንገድና ጠባቂው

በናይሮቢ ከተማ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ከሚኖሩት ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይገኙበታል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ቅዳሜ ጧት ልጆቻቸውን ይዘው ከከተማው በስተሰሜን ወዳለው ወደ ካሩራ ደን እየሄዱ በእግር መንሸራሸርን ልማድ አድርገውታል። ልማዱ ለጤናም ለአእምሮም የሚበጅ ስለሆነ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ነገር ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለበት፤ ይኸውም መንገደኞቹ ከቤታቸው ሲወጡ በደጃቸው ያለውን የውኃ መውረጃ ቦይ ዘለው ማለፋቸው ነው። ቦዩ በደለል፣ በላስቲክና በባዶ ጠርሙስ ተሞልቶ ሣር በቅሎበታል፤ ማንም ቆም ብሎ አይመለከተውም። ጥቂት ቆይቶ ግን እነዚሁ ሰዎች ከካሩራ ፏፏቴ ፊት ቆመው ውኃው ሲወርድ በአድናቆት ያያሉ።

ካሩራ በእርግጥ ሊታይ የሚገባው ደን ነው። ስፋቱ ከ1,000 ሄክታር በላይ ሲሆን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. የመንግሥት ደን ሆኖ ተደንግጓል። ከፊሉ በባሕር ዛፍ የተሸፈነው ለባቡር ማገዶ ተብሎ ስለ ተተከለ ነው፤ የአዲስ አበባ ተወላጅ ይህን ሲሰማ የራሱን ከተማ ታሪክ የሰማ ያህል ይሆንለታል። ከዚያ እየወረዱ ወደ ወንዙ ሲቃረቡ አገር በቀሉ ዛፍና ቀርከሃው ይመጣል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴም ከመታየቱ በፊት በድምፁ ይታወቃል። ይህ ሁሉ በነጻ የተገኘ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደኑ ለግል ሕንፃ ሠሪዎች ተከፋፍሎ ሊሰጥ በነበረበት ጊዜ ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይና ጓደኞቻቸው ችግኝ ይዘው በመሄድ ተቃወሙ፤ በጥር ወር 1999 ዓ.ም. በደኑ በር ላይ ተደብድበው ቆሰሉ። ወይዘሮ ዋንጋሪ በ2004 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ማግኘታቸው የታወቀ ነው።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው መንገዱ ለእርሱ መንሸራሸሪያ ተብሎ እንደ ተሠራ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ በካሩራ ነገሩ እንዲያው ነውና። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን በደን ውስጥ አልፎ ወደ ፏፏቴ የሚያደርስ የእግር መንገድ መጀመሪያ የተሠራው ለመንገደኛ አልነበረም። የተሠራው ለውኃው ሠራተኛ ነበር።

ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ምሳሌ ማዴይራ የምትባለው የፖርቱጋል ደሴት ናት። የደሴቲቱ ሰሜን ዝናብ የሚበዛበት ሲሆን ደቡቡ ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነዋሪዎቹ ዓለቱን እየፈለፈሉ ሌቫዳ የሚባሉ ጠባብ ቦዮችን ዘርግተው የተራራውን ውኃ መጀመሪያ ለሸንኮራ አገዳ፣ በኋላም ለወይንና ለሙዝ እርሻ አወረዱት። በየቦዩ ዳር አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ መንገድ አለ፤ በእርሱ ላይ የሚመላለሰውም ሌቫዴይሮ የሚባለው የቦይ ጠባቂ ነበር። ዛሬ ከመላው ዓለም የሚመጡ መንገደኞች በዚሁ ጠባብ ዳር ላይ በደኑ ውስጥ እየሄዱ ከትላልቅ ፏፏቴዎች ሥር ይደርሳሉ። ብዙዎቹ የሚያደንቁት ፏፏቴውን ነው፤ ነገር ግን ያ መንገድ እስካሁን ሊኖር የቻለው ቦዩ ስለሚሠራና የሚጠብቀው ሰው ስላለ ነው።

ይሁን እንጂ የሳውዝ ሲ ነዋሪ ይህን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በኤልጌዮ ማራክዌት ግዛት፣ ከቼራንጋኒ ተራሮች ወደ ኬሪዮ ሸለቆ የሚወርደው ገደል አለ። ከላይ ደንና ዝናብ፣ ከታች ሙቀትና ግራር ነው፤ በመካከሉ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይሆናል። የማራክዌት ሰዎች አውሮፓውያን ወደዚያ አገር ከመግባታቸው አስቀድመው የኤምቦቡትን፣ የአሮርንና የሌሎችንም ወንዞች ውኃ ከገደሉ ላይ ጠልፈው በቦይ ወደ ሸለቆው አውርደዋል። የጠለፋው አሠራር ቀላል ይመስላል፤ ድንጋይ፣ ግንድ፣ ቅጠልና ጭቃ ነው። ቦዩ በገደሉ ወገብ ላይ ሲያልፍ ከሥሩ የድንጋይ ካብ ይደገፋል፤ ዓለቱ ፍጹም በማያሳልፍበት ቦታ ደግሞ በእንጨት ምሰሶ ላይ ተሸክመው ያሳልፉታል። በዚህም ውኃ ማሽላ፣ ዳጉሳና በቆሎ፣ በኋላ ዘመንም ማንጎ ይለማበታል። አንድም መሐንዲስ መለኪያውን ይዞ ያልቆመበት ሥራ ይህን ያህል መጽናቱ የሚያስደንቅ ነው።

የመጽናቱ ምስጢር ግን በግንባታው ላይ አይደለም፤ እንዲያውም ግንባታው በየጊዜው ይፈርሳል። በጎርፍ ወራት ጠለፋው ይወሰዳል፤ ካቡ ይናዳል፤ ቅጠል ይደፍነዋል፤ የሚፈልስ እንስሳ ዳሩን ይበሳዋል። እያንዳንዱ ቦይ የታወቁ ጎሣዎች ንብረት ስለ ሆነ፣ ውኃው በጎሣና በቤተ ሰብ ተራ የሚከፈል፣ ጥገናውም በእነርሱው ላይ የተጣለ ግዴታ ነው። ውኃው በማሳው ላይ የቀነሰበት ሰው ዶማውን ይዞ ቦዩን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ የተበሳውን እስኪያገኝ ድረስም ይሄዳል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የሚረግጠው ዳር ነው። በባህሉ የቦይ ሥራ ለወንዶች ብቻ የተሰጠ መሆኑን ግን ማመስገን አይቻልም፤ ማሳውን የምትኮተኩተውን ሴት ስለ ውኃው ከሚደረገው ምክር ያርቃታልና።

ከቦዩ አናት በላይ ያለው ደን ሲራቆት ጠባቂ ብቻውን የሚያድነው ነገር የለም። በ2020 ዓ.ም. በቼሴጎን፣ በኅዳር ወር 2025 ዓ.ም. ደግሞ በቼሶንጎች በዚሁ ገደል ሥር ከባድ ዝናብን ተከትሎ የደረሰው የመሬት መንሸራተት የብዙ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። ደን፣ ቦይና ማሳ የአንድ ገመድ ሦስት ክሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

በኢትዮጵያም ቢሆን ይህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። በአማራ አገር ገበሬው የመስኖውን ውኃ የሚያከፋፍለውን ሰው «የውኃ አባት» ይለዋል፤ በትግራይ ደግሞ «አቦ ማይ» ይባላል። ይህ ሰው በተጠቃሚዎቹ የሚመረጥ ነው፤ ተራ ያስጠብቃል፤ ሰው አዝዞ ቦይ ያስጠርጋል፤ ከተራው ውጭ ውኃ የሰረቀውን ያስቀጣል። ክረምቱ ሲያበቃ ከሁሉ በፊት የሚሠራውም ሥራ ከጠለፋው እስከ መጨረሻው ማሳ ድረስ ቦዩን በእግር መመልከት ነው። መንግሥትም ዘመናዊ የመስኖ ግድቦች ሲበዙ የተጠቃሚዎችን ማኅበር በሕግ ለማቋቋም በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 841ን አውጥቷል። 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ በታሰበው በመራዊው በቆጋ ዐይነት ሰፊ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ማኅበር አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ማኅበር ስብሰባ ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ ሊጽፍ ይችላል፤ ቃለ ጉባኤ ግን የተበሳ ቦይ አይደፍንም። በአዲሱ መዋቅር ውስጥ የውኃ አባት ስሙ ተለውጦም ቢሆን ሥራው፣ ይኸውም በየጊዜው ዳር ዳሩን መሄዱ፣ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው። ቦዩ በሲሚንቶ ቢለበጥ፣ ይልቁንም በቧንቧ ቢለወጥ፣ ዳር ለዳር የሚመላለስ ጠባቂ አያስፈልግም ይላሉ። ሲሚንቶ ውኃ እንዳይሰርግ ማድረጉ፣ ቧንቧም ትነትን ማስቀረቱ እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሲሚንቶ መሬት ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ የቧንቧ አፍ በቅጠል ይዘጋል። የአፈር ቦይ ሲበሳ አላፊ አግዳሚው ጭቃውን አይቶ ያውቃል፤ የተቀበረ ቧንቧ ሲበሳ ግን መጀመሪያ የሚያውቀው በመጨረሻው ላይ ያለው ገበሬ ነው፤ ያውም አትክልቱ ከደረቀ በኋላ። ስለዚህ ሥራው ዘመናዊ በሆነ መጠን የሚመለከተው እግር ሊቀነስ አይገባም።

ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሄደ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አይቷል። በዚያ ያለው ቦይ የመስኖ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ነው፤ ከፏፏቴው በላይ ወንዙን ጠልፎ ወደ ኃይል ማመንጫው ይወስደዋል። በ2001 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ሁለተኛው ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ሰፊው የፏፏቴ ግንባር በበጋ ቀጥኖ ጥቂት ዘለላ ብቻ ቀርቶት ነበር። የኤሌክትሪክ ጥቅም ታላቅ ቢሆንም፣ ውኃው ወዴት እንደ ሄደ ሊያውቅ የሚችለው ቦዩ ድረስ በእግሩ የሄደ መንገደኛ ነው፤ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ብቻ ቆሞ የተመለሰ ሰው ድርቅ ነው ብሎ ያወራል።

አሁን ወደ ሳውዝ ሲ ደጃፍ እንመለስ። ይህ ሰፈር የተሠራበት የናይሮቢ ደቡብ ሜዳ እንደ ካሩራ ቀይ አፈር ያለው አይደለም፤ ጥቁር መረሬ ነው። የጎጃምና የሸዋ ገበሬ ይህን አፈር ያውቀዋል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ አብጦ ይዘጋና ውኃውን ከላዩ ያስተኛዋል። ገበሬው በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ሲያርስ ውኃው እንዲሸሽለት ፈሰስ ማውጣትን አይዘነጋም። ከተማ ግን በመረሬ ላይ ሲሠራ ፈሰሱን በመጀመሪያ ቆፍሮ በኋላ ይረሳዋል። አንዱ አጥሩን ቦዩ ድረስ ያስጠጋል፤ ሌላው ለመኪናው መግቢያ በጠባብ ቱቦ ይደፍነዋል፤ ሦስተኛው ከላዩ ሱቅ ያቆማል። ከዚህም የተነሣ በዚህ ሰፈር ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር መንገዱ ወንዝ ይሆናል። በሚያዝያ ወር 2024 ዓ.ም. ናይሮቢ በጎርፍ በተመታች ጊዜም መንግሥት ከወንዝ ዳር በ30 ሜትር ውስጥ ያሉ ሰዎች እንዲለቁ አዘዘ፤ ትእዛዙም ይበልጡን የወደቀው በድኾች ላይ ነበር። የደህና ሰፈር አጥር ቦይ ሲደፍን ግን የሚጠይቅ አልታየም።

ይህ ጉዳይ በእርሻ ገጽ ላይ መውጣቱ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፣ ውኃው የሚሄድበትን ይከተል። የናይሮቢ ወንዞች መጨረሻቸው አቲ ወንዝ ነው፤ ከከተማው በታች ያሉ ገበሬዎችም ከእነዚህ ወንዞች እየጠለፉ ጎመንና ቲማቲም ያጠጣሉ። እንግዲያውስ የሳውዝ ሲ መውረጃ የአንድ ሰው የመስኖ ቦይ አናት መሆኑ ነው። በዚህ ቦይ ውስጥ የተጣለው ላስቲክና የተለቀቀው የዘይት እድፍ ሄዶ ሄዶ በሌላ ሰው መደብ ላይ ያርፋል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ናይሮቢ ገበያ ይመጣል።

ለዚህ ታላቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የከተማው አስተዳደር ለሕንፃ ፈቃድ ሲሰጥ በእያንዳንዱ ቦይ ዳር ሰው አካፋ ይዞ የሚያልፍበት መተላለፊያ እንዲተው ያስገድድ፤ የተዘጋውንም ያስከፍት። የሰፈሩ ነዋሪዎች ለዘበኛና ለቆሻሻ አንሺ እንደሚከፍሉ ሁሉ፣ ተዋጥተው አንድ የቦይ ጠባቂ በደመወዝ ይቅጠሩ፤ በካሩራ ደኑንና መንገዱን የሚጠብቁ ሰዎች የሚከፈላቸው ስለ ሆነ ነው መንገዱ ንጹሕ የሆነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግር የሚሄዱትም ሰዎች በየዓመቱ ሁለት ቅዳሜ፣ አንዱን ረጅሙ ዝናብ በመጋቢት ከመግባቱ በፊት፣ ሌላውን አጭሩ ዝናብ በጥቅምት ከመጀመሩ በፊት፣ ካሩራን ትተው የራሳቸውን ቦይ ከደጃቸው እስከ መጨረሻው ድረስ ልጆቻቸውን ይዘው ቢሄዱበት መልካም ነው። አጥር የሚያግዳቸውን ቦታ ጽፈው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያቅርቡ። ዛሬ ግን ብዙ ርቀት ሳይሄዱ አጥር እንደሚያቆማቸው ከወዲሁ ማወቅ ይገባቸዋል።