የደስታ ግንብ እና ራስ ደስታ

በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ ላፕቶፕ ፊት ዘጠኝ ሆነን ተደራርበን ነበር። ጌም ኦፍ ትሮንስ፣ ሲዝን 6፣ ክፍል 3። ስንት ሌሊት የተከራከርንበት ውጊያ በመጨረሻ ሊታይ ነው። ኔድ ስታርክ 6 ጓዶቹን ይዞ ወደ አንድ ብቸኛ ግንብ ይሄዳል። ግንቡን የሚጠብቁት የንጉሡ ምርጥ ዘበኞች ናቸው። ከውጊያው የሚተርፉት ኔድና ሃውላንድ ሪድ ብቻ። መጽሐፉ ላይ ይሄንን የምናውቀው ኔድ ቆስሎ ተኝቶ ባየው ሕልም ነው፤ ለምን እንደተዋጉ ግን ማንም አይነግረንም። የግንቡ ስም ታወር ኦፍ ጆይ ነው። እኛ ዶርም ውስጥ «የደስታ ግንብ» እንለው ነበር።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። አንባቢዎች ዓመት ሳይሞላቸው ነው መልሱን መገመት የጀመሩት። የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ንጉሡና ልዑሉ ሌላ ቦታ ሲሞቱ ሦስቱ ምርጥ ዘበኞች እዚህ በረሃ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ዘበኛ የሚጠብቀው ንጉሣዊ ደም ነው። ስለዚህ ግንቡ ውስጥ ንጉሣዊ ደም አለ። ስለዚህ ሕፃን አለ። 20 ዓመት ጠበቁ፣ ቴሌቪዥኑ ትክክል ናችሁ አላቸው። ያን ሳምንት ዶርማችን ሠርግ ቤት መስሎ ነበር።

እኔ የነገሌ ልጅ ነኝ፣ ነገሌ ቦረና። ከተማዬን ተከትሎ የሚመጣ ሌላ ውጊያ አለ፣ የገናሌ ዶሪያ። የጦሩ አዛዥ የሲዳሞ ገዢና የንጉሡ አማች ራስ ደስታ ዳምጠው ነበሩ። እንግዲህ ደስታ በዚህም በኩል አለ። የስም መገጣጠም ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። ይሄን አሁኑኑ የምናገረው የዚህ ጽሑፍ ጠብ በሙሉ ከእንዲህ ዓይነት መገጣጠም ጋር ስለሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት ለእረፍት ነገሌ ገብቼ ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ከዚያው ከዶርም ጊዜ ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ «ስለ ገናሌ ቲዎሪ አለኝ» አለ። ቲዎሪው አጭር ነው። ያን የሚያህል ጦር በ8 ቀን የተበተነው ከውስጥ ስለተሸጠ ነው። ማን ሸጠው? ጓደኛዬ አንድ ጎሳ ጠራ። የማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ የጻፍኩ ዕለት የማወግዘውን ሥራ ራሴ ሠራሁት ማለት ነው። ማስረጃው? «አስቡት እንጂ፣ መንገዱን የሚያውቀው ማነው?» በቃ፣ ይኸው ነው። ጠረጴዛው ላይ አብሮን የነበረ ሌላ ልጅ፣ የዚያው ጎሳ ልጅ፣ ሻዩን ጨረሰ፣ የሁላችንንም ሂሳብ ከፈለ፣ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ አብሮን ተቀምጦ አያውቅም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ «የውጭ ፊልም እያያችሁ የራሳችሁን ታሪክ ረሳችሁ» የሚለውን ስብከት ይጀምራል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። የደስታ ግንብ ሰዎች ከእኛ በጣም የተሻሉ አንባቢዎች ናቸው። ቲዎሪ ስታመጣላቸው የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ምዕራፍ ይሉሃል። የሚያወራው ማነው፣ ጤነኛ ነው ወይስ ትኩሳት ላይ ነው ብለው ይጠይቁሃል። መጽሐፉ ላይ ሦስት የነበሩት ዘበኞች ፊልሙ ላይ ሁለት መሆናቸውን ቆጥረው ይከራከራሉ። ጓደኛዬ ስለ ግንቡ ሲሟገት እንዲህ ነበር። ስለ ገናሌ ሲያወራ ግን ያን ሁሉ ጥንቃቄ በር ላይ አውልቆ ገባ።

የወሰደው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መውሰድ ያልነበረበትን። ልቦለድ ደራሲ አለው። ደራሲው አንድ ነገር ዝም ካለ ሆን ብሎ ነው፤ ክፍተቱ ፍንጭ ነው፣ ከፍንጩ ጀርባ ምስጢር አለ፣ ከምስጢሩ ጀርባ አንድ ሰው አለ። ገናሌ ደራሲ የለውም። እዚያ ያለው ክፍተት ያልተጠየቀ ሰው፣ የተቃጠለ ወረቀት፣ ወይም አሸናፊው ሊጽፈው ያልፈለገው ነገር ነው።

ልሞክራችሁ። ግራዚያኒ ማጥቃቱን የጀመረው ጥር 3 ቀን 1928 ነው፤ ነገሌ የገባው ጥር 11። ጥር 11 ጥምቀት ነው። ታቦት ወደ ውሃ በሚወርድበት ቀን! ይቀጥላል። በ1966 ንጉሡን የጣለው አብዮት መነሻ ከሚባሉት አንዱ የነገሌ ጦር ሰፈር አመፅ ነው። የጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 1974። የገናሌ ማጥቃት የተጀመረበትን ቀን በፈረንጅ ቁጠሩት፦ ጃንዋሪ 12። ያው ቀን፣ ያው ከተማ፣ ያው ንጉሥ። ልቦለድ ቢሆን ኖሮ ይሄ ደራሲው የቀበረው ወርቅ ነበር፣ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ እሠራበት ነበር። ግን ምንም አይደለም። ግራዚያኒ ካላንደራችንን አይቶ አልነዳም፣ የነገሌ ወታደሮችም የፈረንጅ ቀን ቆጥረው አላመፁም።

ቀኖቹ አጋጣሚ ናቸው። ውሃው ግን አጋጣሚ አይደለም። የ1966ቱ አመፅ ምን ነበር? የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም አሉ፣ ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። የ1928ቱስ? የራስ ደስታ ጦር ከይርጋለም ተነስቶ ወደ ዶሎ በእግሩ ወረደ። ከደጋ ወደ ቆላ፣ በበጋ፣ ስንቁን በአጋሰስ ጭኖ። ታች ሲደርስ የሚጠጣ ያለው ወንዙ ዳር ነው፤ ወንዙን ከላይ አውሮፕላን ይጠብቀዋል። ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ከዚያ የግራዚያኒ ጦር በዳዋ፣ በገናሌና በወይብ ገስትሮ አቅጣጫ በሦስት ዓምድ ተንቀሳቀሰ። ዋናው ኃይል በካሚዮንና በብረት ለበስ መኪና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ገስግሶ ነገሌ ገባ። በሊበን ሜዳ በጥር ወር የተጓዘ ሰው ይሄን ለመረዳት ከሃዲ መፈለግ አያስፈልገውም። ውሃውን የያዘና ነዳጅ ያለው፣ በእግሩ የሚሄደውንና የተጠማውን አሸነፈ።

የሥራ አመል ሆኖብኝ ነው መሰለኝ፣ ሰርቨር ሲወድቅ መጀመሪያ የማየው ሎጉን ነው። ሁልጊዜ ግን ከቡድኑ መሃል «ሆን ብሎ ያጠፋው ሰው አለ» የሚል አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ሞልቶ ነው።

«ክህደትማ ነበር እኮ» ይሉኛል። ነበር። ዱባት የሚባሉ የሶማሌ ተዋጊዎች ከኢጣሊያ ጎን ተሰልፈዋል። ግን ቅኝ ተገዢ ነበሩ፣ ደሞዛቸውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፣ ምስጢር የለውም። ደግሞ እዚያው ግንባር ላይ የግራዚያኒን ጦር ከድተው፣ ድንበር ተሻግረው ኬንያ የገቡ ኤርትራውያን አስካሪዎች በመቶዎች ነበሩ። ቲዎሪህ ክህደትን በአንድ ወገን ብቻ የሚቆጥር ከሆነ የምትፈልገው መልስ ሳይሆን ተከሳሽ ነው።

ሁለተኛው ቲዎሪ «ራሱ ራስ ደስታ ፈሪ ነበር፣ በአማችነት የተሾመ የቤተ መንግሥት ሰው» የሚለው ነው። ይሄን ሳላደክማችሁ ልለፈው። ነገሌ ከወደቀ በኋላ 13 ወር ሲዋጉ ቆይተው፣ ጦራቸው ተመናምኖ፣ ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ተረሸኑ። ንጉሡ ከአገር ከወጡ 9 ወር አልፏቸው ነበር። ፈሪ ሰው ይሄን ያህል አይቆይም።

ሦስተኛው ትንሽ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው፦ «ሁሉን ያደረገው ጋዙ ነው።» ጋዙ ነበር። ኢጣሊያ ለአሥርት ዓመታት አልነበረም ብላለች፣ ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ እዚያ ነበርኩ፣ አላየሁም እያለ ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር አመነ። ያሳመነው የማንም ቲዎሪ አይደለም፤ አንጄሎ ዴል ቦካ የሚባል የታሪክ ጸሐፊ ስድብ እየጠገበ ከመዝገብ ቤት ያወጣው ቴሌግራም ነው። ከሕልም ፍቺ ሳይሆን ከወረቀት። ግን «ጋዙ ብቻ» ስንል ካሚዮኑን፣ መንገዱን፣ ጥማቱን፣ ያለ አውሮፕላን የወረደውን ጦር ዕቅድ ሁሉ እንሸፍነዋለን። በሰው እጅ የተሠራ ስህተት የለም ማለት ይሆናል፣ በእኛም በኩል።

ገናሌ ላይ ደራሲ ለመሆን የሞከረ ካለ ግራዚያኒ ነው። ከጦርነቱ በኋላ «የነገሌ ማርኪስ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ጌም ኦፍ ትሮንስ ላይ ሎርድ ምናምን የሚሉትን ሁሉ በቃላችን እናውቃለን፤ የእኛ ከተማ እውነተኛ ሎርድ እንደነበራት ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ2012 ሮም አጠገብ አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ሠርተውለታል። እንግዲህ ስለ ገናሌ የምናነበው አብዛኛው ነገር የመነጨው ከዚህ ሰውዬ ጠቅላይ ሰፈር ነው። ተራኪው ማነው፣ ይታመናል ወይ የሚለው የፋኖቹ ጥያቄ እዚህ ጋ ነበር የሚያስፈልገው።

ሌላ ማን ሊነግረን ይችል ነበር? ቆላው ራሱ። ቦረናዎች ዘመንን በገዳ ይቆጥራሉ፣ አንድ አባ ገዳ 8 ዓመት፣ በእነማን ጊዜ ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሏቸው። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ይሄን ለዓለም አሳይተዋል። ከዋደራ እስከ ዶሎ ያሉ ከተሞች ውስጥ የዚያ ጦርነት ወሬ በኦሮምኛም በሶማሊኛም አለ። እኛ ግን አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ አንብበን «ክፍተት አለ» እንላለን። ዋደራን ካነሳሁ አይቀር፣ በ1933 ሚያዝያና ግንቦት እዚያው ጫካ ውስጥ ኢጣሊያን ለሳምንታት ተዋግተው ያስለቀቁት የጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና ልጆች ናቸው። ለዚህ ደግሞ ቲዎሪ ያወጣ አላየሁም። ከሃዲ ስለሌለበት ይሆናል።

ይሄን ያህል የምናደደው ለምንድነው? ቫሪስን ሰላይ ነህ ብትለው ማንም አይጎዳም፣ ቫሪስ የለም። ነገሌ ላይ የምትከሰው ሰው የልጅ ልጅ ግን ነገ ከአንተ ጋር አንድ ባጃጅ ውስጥ ይቀመጣል። ይቺ ከተማ ስሟ ራሱ የሚያከራክር ከተማ ናት። በ2015 ከጉጂ ዞን ወጥታ ምሥራቅ ቦረና ዞን ውስጥ ስትገባ የተነሳውን ቁጣ ሁላችንም አይተናል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ «በ1928 ማን ሸጠን» የሚል ቲዎሪ የሻይ ቤት ጨዋታ አይደለም። ለሚቀጥለው ጠብ የተቀመጠ ክብሪት ነው፣ የሚጭረው ደግሞ ቲዎሪውን ያወጣው ልጅ ላይሆን ይችላል፣ እሱ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሥራው ላይ ነው።

ለጓደኛዬ ይሄን ሁሉ አልኩት፣ ከዚህ በባሰ ቃል። ተኮራረፍን። ከዚያ አንድ ማታ ደውዬ «የኔድን 6 ጓዶች ስም ጥራልኝ» አልኩት። ሳይተነፍስ ጠራቸው፦ ዊላም ደስቲን፣ ኢታን ግሎቨር፣ ማርቲን ካስል፣ ቴዎ ዉል፣ ማርክ ሪስዌል፣ ሃውላንድ ሪድ። «ጥሩ» አልኩት። «ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ገናሌ ዳር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን ሆስፒታል ደበደቡ። የሐኪሞቹ መሪ ፍሪደ ሂላንደር ነበር። ከስዊድናውያኑ የሞተው ጉናር ሉንድስትሮም ይባላል። እዚያ ቆስለው ተኝተው ካለቁት ከእኛ ሰዎች የአንዱን ስም ንገረኝ።»

ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የአያቱ ታላቅ ወንድም ከራስ ደስታ ጋር «ወደ ዶሎ ወርዶ ቀረ» ሲባል ልጅ ሆኖ ይሰማ እንደነበር ነገረኝ። ዶርም ውስጥ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ይሄን አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ይርጋለም ያሉ አንድ ሸምገል ያሉ አክስት አሉት፣ ለፋሲካ ሊጠይቃቸው ሊሄድ ነው። የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች በስልክ አብረን ጻፍን። አንደኛው «ስሙ ማን ነበር?» የሚል ነው። ሁለተኛውን እሱ ነው የጨመረው፦ «ሲሄድ በቅሎ ነበረው?»