በቂ ትምህርት ስንት ያወጣል? ማንስ ይተምነዋል?

ኅብረታችን ባለፈው ስብሰባው በጅዳ ካራንቲና ያደጉ የስደተኛ ልጆችን ለማስተማር ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበቃ ተወያይቶ፣ ሒሳቡን ጥቂት ባለሙያዎች ተቀምጠው ይተምኑት የሚለው ሐሳብ በአብላጫ ድምፅ ተደግፏል። እኛ በባለሙያ አንከፋም፤ ነገ ባለሙያ ለመባል የምንማር ነንና። የምንቃወመው እናትና መምህር ሳይጠየቁ የሚያልቅ ግምትን ነው።

እንደሚታወቀው ካራንቲና ማለት ወሸባ ማለት ነው። ይህ የጅዳ ደቡብ ሰፈር ኢትዮጵያውያንና ሌሎች አፍሪካውያን ለዓመታት ተጠግተው የኖሩበት ነው። ከጥቅምት 2006 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በነበረው የማባረር ዘመቻ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመለሱ፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ በጅዳ የድሃ ሰፈሮች በሰፊው ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ተበተነ። ለእነዚህ ልጆች በወረቀት ላይ የመምህር ደመወዝ፣ የመጽሐፍና የክፍል ኪራይ ይደመራል። ነገር ግን እናቷ ሰው ቤት ሠርታ እስክትመለስ ታናሽ ወንድሟን የምትጠብቅ የ10 ዓመት ልጅ በየትኛው ዐምድ ትገባለች? ኢቃማ የሌለው አባት ፍተሻ ፈርቶ ልጁን በእግር መሸኘት ሲያቅተው የመኪናውን ኪራይ ማን ያስበዋል? ዓመታት ያለ ትምህርት ያለፉት ልጅ ከታናናሾቹ ጋር ተቀምጦ እንዳያፍር የሚያስፈልገው ተጨማሪ መምህርስ?

ይህ ስሕተት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1964 ዓ.ም የተጠናቀቀውን የትምህርት ሴክተር ሪቪው የሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከውጭ ጠበብት ጋር ሆነው አዘጋጁት። ጥናቱ የገጠሩ ሕፃን ከትምህርት ርቆ መቅረቱን በትክክል አይቷል። ሆኖም ለአብዛኛው ልጅ የ4 ዓመት ትምህርት እንዲዳረስ ሐሳብ አቀረበ። በመሠረቱ የተጠየቀው ልጁ ምን ያስፈልገዋል ተብሎ ሳይሆን፣ ያለው ገንዘብ ለስንት ልጅ ስንት ዓመት ይደርሳል ተብሎ ነበር። ነገሩ በ1966 ዓ.ም በሕዝብ ጆሮ ሲደርስ፣ መምህራን በየካቲት ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችና ተማሪዎችም የድሃውን ልጅ ከታች ለማስቀረት የታሰበ ነው ብለው ተነሡ። ዕቅዱም ቀረ። ከጥናቱ ውስጥ ለገጠሩ ልጅ ሊጠቅም ይችል የነበረውም አብሮ ቀረ።

በአንጻሩ በአሜሪካ የዋዮሚንግ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 እ.ኤ.አ. የክፍለ ግዛቱን የትምህርት ገንዘብ አመዳደብ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ከፈረደ በኋላ፣ ዋጋውን ለማወቅ የክፍል መምህራንና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ጭምር ተሰበሰቡ። በዚህ ዘዴ መጀመሪያ ልጁ ምን ማወቅ እንዳለበት ይወሰናል፤ ቀጥሎ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ፣ ስንት መምህር፣ ምን መጽሐፍ እንደሚያስፈልግ ይዘረዘራል፤ ገንዘቡ የሚሰላው በመጨረሻ ነው። እርግጥ እንከን የለሽ አይደለም። ከራሱ ኪስ የማይከፍል ሰው ዝርዝሩን ሊያስረዝም ይችላል። ስለዚህም እያንዳንዱ ፍላጎት ለምን እንደተጻፈ ምክንያቱ ከጎኑ ይስፈር፤ ሌላ ቡድንም ሳያይ ለብቻው ይተምን፤ ሁለቱ ግምቶች ከተራራቁ ይመርመሩ።

በሕክምና ትምህርታችን መጀመሪያ የምንማረው በሽተኛውን መጠየቅ ነው። ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም፣ ዕውቀቱ የቱን ያህል ቢሆን፣ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ስለ ሕፃናት ትምህርት የሚተምንም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ጓዶች፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ቢያንስ ሁለት እናቶችና እነዚህን ልጆች ያስተማረ አንድ መምህር ይቀመጡ። ግምቱ ከአቅማችን በላይ ቢወጣስ የሚል ይኖራል። ይውጣ። አቅማችን ለ20 ልጆች ብቻ ቢበቃ 20 እናስተምር፤ የቀረውንም ጉድለት ብለን በስሙ እንጻፈው። ጉድለቱን ግን በቂ ነው ብለን አንፈርም።