ሰንበት የማያውቁ መሣሪያዎች

ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ አስቀድሞ በእስራኤል የነታንያ ከተማ አውቶቡሶች ወደየማደሪያቸው ገብተው፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ አደባባዩ ጭር ባለ ጊዜ፣ በፖለግ ኢንዱስትሪ ሠፈርና በመሐል ከተማው ባሉት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ግን ማንም ያልተቀመጠባቸው ኮምፒውተሮች እስከ እሑድ ማለዳ ድረስ በርተው ይሰነብታሉ። ሕገ ኦሪት ሰንበትን በደነገገ ጊዜ ዕረፍትን ለሎሌውና ለመጻተኛው ብቻ ሳይሆን ለበሬውና ለአህያውም አዝዟል፤ አባቶቻችንና እናቶቻችንም ወደ እስራኤል ሳይመጡ በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ሳሉ ዓርብ ሲመሽ የምድጃውን እሳት ፈጽመው አጥፍተው፣ ሌሊቱን በጨለማ አሳልፈው፣ በማግሥቱ የቀዘቀዘ ምግብ እየበሉ ያን ትእዛዝ ያለ ትርጓሜ ጠብቀውት ኖረዋል። የእነዚያ ሰዎች ልጆች ከሚሠሩባቸው ቢሮዎች በብዙዎቹ ዓርብ ማታ እሳቱን የሚያጠፋ ሥርዓት አለመኖሩ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ይመስለኛል።

ነገሩን ጥቃቅን አድርጎ የሚንቅ ቢኖር ሒሳቡን አብረን እንሥራ። መቶ ኮምፒውተሮች ባሉት አንድ መሥሪያ ቤት፣ እያንዳንዱ ከነስክሪኑ ሥራ ፈትቶ ሲበራ 50 ዋት ያህል ይወስዳል ብንል፣ ከዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ባሉት 42 ሰዓቶች 210 ኪሎዋት ሰዓት በከንቱ ይጠፋል፤ በዓመቱ ሰንበታት ሁሉ ሲባዛም ወደ 11,000 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። የሌሊቶቹንና የበዓላቱን ገና አልቈጠርንም።

ይህ ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል? ከነታንያ በስተ ሰሜን፣ በሐዴራ የባሕር ዳርቻ የቆመው፣ በይስሐቅ ራቢን ስም የተሰየመው ማመንጫ ለብዙ ዘመን ድንጋይ ከሰል ሲያነድ ኖሮ አሁን ወደ ተፈጥሮ ጋዝ በመሻገር ላይ ነው፤ የእስራኤልም ኤሌክትሪክ አብዛኛው እጅ ዛሬ ከጋዝ ይገኛል፤ ጋዙ ከከሰሉ ይሻላል እንጂ ንጹሕ አይባልም። በአዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ቢተኛ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከወንዝ ስለሚመነጭ፣ የሚባክነው በአመዛኙ የግድብ ውሃ ነው፤ እኛ ብንተኛ ግን እዚህ ሐዴራ ላይ ነዳጅ ይነድዳል።

ወደ ኮምፒውተር የገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ስለሚወጣ፣ በነሐሴ ሐሩር ያንን ሙቀት ለማስወጣት መዝጋኑ (የአየር ማቀዝቀዣው) እንደገና ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ ስለዚህም ብክነቱ ይጨምራል። በተለይ የሰርቨር ክፍሎችን የሚጠብቁ ባለሙያዎች ከፍርሃት የተነሣ ክፍሉን እንደ ክረምት ያቀዘቅዙታል፤ ሆኖም አሽሬይ የተባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ወደ መሣሪያው የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን ስለሚመክር፣ ሃያ አራትና ሃያ አምስት ላይ ማቆም ድፍረት አይደለም። ከዚህም የሚብስ አለ፤ ጆናታን ኩሚና ጆን ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ሰርቨሮች 30 በመቶ ያህሉ ለስድስት ወርና ከዚያም በላይ አንዳች ጠቃሚ ሥራ ሳይሠሩ በርተው ተገኝተዋል። ባለቤታቸው ሥራ ለውጦ ሄዷል፣ ፕሮግራሙ ቀርቷል፤ የሚያጠፋቸው ግን አልተገኘም። መሥሪያ ቤት የወንበሩንና የጠረጴዛውን ቍጥር በመዝገብ እንደሚይዝ፣ የሰርቨሩንም ግብር በዓመት አንድ ጊዜ ቢመረምር ምን ይከብደዋል?

ሁሉን ወደ ክላውድ አዛውረናልና ከዚህ ኃጢአት ነጽተናል የሚሉ አስተዳዳሪዎች አሉ። ታላላቆቹ ዳታ ሴንተሮች በአንድ ጓዳ ውስጥ ከተቀመጠ ሰርቨር ይልቅ ኤሌክትሪክን በቍጠባ እንደሚጠቀሙ አልክድም፤ ነገር ግን እነዚሁ ማእከላት ባንድነት እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 415 ቴራዋት ሰዓት፣ ማለትም ከዓለም ኤሌክትሪክ አንድ ተኩል በመቶ ያህል እንደወሰዱ የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ገምቷል፤ በ2030ም ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን ይጠብቃል። በክላውድ ተከራይተው የረሱት ሰርቨርም በጓዳ ከረሱት አይለይም።

እስካሁን ያልሁት ግን የነገሩ ታናሹ ክፍል ነው። አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ሁሉ ከሚያመጣው የካርቦን ጭስ ከግማሽ የሚበልጠው ገና ከሣጥኑ ሳይወጣ፣ ማዕድኑ ሲቆፈር፣ ቺፑ ሲሠራ፣ ዕቃው ሲጓጓዝ የተፈጠረ መሆኑን አምራቾቹ ራሳቸው በሚያወጡት መግለጫ ያስረዳሉ። ከዚህ የሚከተለው አመክንዮ ግልጽ ነው፤ በሦስት ዓመት የሚለወጠውን ላፕቶፕ ስድስት ዓመት ያሠራ መሥሪያ ቤት፣ «አረንጓዴ» የሚል ማኅተም የታተመበትን አዲስ መሣሪያ በየጊዜው ከሚገዛው ይልቅ ለፍጥረት ይራራል። (አለቆች በዚህ እንደማይደሰቱ አውቃለሁ፤ አዲስ ላፕቶፕ በዘመናችን የማዕረግ ምልክት ሆኗልና።) የቍጠባው ሥራ በሩቅ አገር ብቻ የተሠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን፣ በጥቂት ኤሌክትሪክ ብዙ የሚሠራውን ፔንቲየም ኤም የተባለውን ቺፕ የነደፉት እዚሁ እስራኤል ያሉ የኢንቴል መሐንዲሶች ናቸው። መሐንዲሱ በቺፕ ያተረፈውን ገዢው በችኮላ ያጠፋዋል።

የችኮላው ምሳሌ ቅርብ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ሲያቋርጥ፣ ዊንዶውስ 11ን ለመጫን የማይፈቀድላቸው፣ ነገር ግን ምንም ያልጐደላቸው ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን እንደ አሮጌ ተቈጠሩ። የተራዘመውን የደኅንነት ማሻሻያ በገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ብቻ የሚያገለግለውንም ማሽን ሊኑክስ ጭኖ ማቆየት ይቻላል፤ ሜሞሪውን አሳድጎ፣ አሮጌውን ዲስክ በኤስኤስዲ ለውጦ ዕድሜ መቀጠልም አዲስ ከመግዛት እጅግ ያነሰ ዋጋ ይጠይቃል።

የተጣለውስ ወዴት ይሄዳል? በዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቍሻሻ በሥርዓት ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣችውና ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ አስመጪውንና አምራቹን የመሰብሰቡ ወጪ እንዲሸከም፣ ሻጩም አዲስ ለሚገዛው ሰው አሮጌውን እንዲቀበል ያስገድዳል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ከሕጉ መንገድ ውጭ በርካሽ የተሸጠው አሮጌ ዕቃ ከኬብሮን በስተ ምዕራብ ወዳሉት እንደ ኢድና ወዳሉ የፍልስጤማውያን መንደሮች ሲጋዝ፣ መዳቡን ለማውጣት ገመዱ በሜዳ ሲቃጠል፣ እርሳሱም በአፈሩ ሲቀር ለዓመታት ታይቷል። አሮጌ ኮምፒውተሩን ለመጣ ሁሉ ያለ ደረሰኝ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ጭሱን ወደ ጎረቤት ልጆች እንደላከ ሊቈጠርበት ይገባል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛ ማኅበረሰብ ቦታ የሚገርም ነው። በስደቱ መጀመሪያ ዘመን የመጡት ብዙዎቹ ወላጆች በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ስለተሠማሩ፣ በሌሊት የሚበራውን ስክሪን ከማንም በፊት የሚያዩት እነርሱ ናቸው፤ የማጥፋት ሥልጣን ግን አልተሰጣቸውም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት በየቤቱ በሆነ ጊዜ ደግሞ ለልጆቻቸው የሚበቃ ኮምፒውተር ያጡት ቤቶች ከእነዚሁ መካከል ይገኙ ነበር። በአንድ በኩል የተትረፈረፈው መሣሪያ ወደ ሌላው ወገን እንዳይሻገር የሚከለክለው፣ እንደ ሰማሁት፣ ዲስኩ ውስጥ ያለው ምስጢር ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ዲስኩን በመዶሻ መስበር አይደለም። ኮምፒውተሩ ከመጀመሪያው ቀን ዲስኩ በቍልፍ የተመሰጠረ ከሆነ ቍልፉን ማጥፋት ይበቃል፤ ካልሆነም ዲስኩን እንደ ዓይነቱ በሚገባው ፕሮግራም ደምስሶ፣ የመሣሪያውን መለያ ቍጥር የያዘ የምስክር ወረቀት ከሠራው ባለሙያ ተቀብሎ ከግዢው መዝገብ ጋር ማስቀመጥ ይቻላል። የነታንያ ማዘጋጃ ቤትም ሆነ ማንኛውም ድርጅት ለአዲስ ኮምፒውተር የሚቀርብለትን የግዢ ጥያቄ፣ አሮጌው ወዴት እንደሄደ የሚያስረዳ እንዲህ ያለ ወረቀት ካልተያያዘበት በቀር አልፈርምም ቢል፣ የሌላው ሥራ ግማሽ በዚያው ይፈጸማል።