ከሊጉ በፊት፦ ሦስቱን ክለቦች በምን እንመዝናቸው?



ይህ የተጻፈው የ2017 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ከአራት የውድድር ዘመናት በኋላ ወደ ሊጉ የተመለሱት በዚያ ዓመት ነው። ሰሞኑን በሓድነት ሻይ ቤቶችም ሆነ በየዶርሙ የሚሰማው ክርክር አንድ ነው፤ ዘንድሮ ስንተኛ እንወጣለን? ግማሹ "ዋንጫው የኛ ነው" ይላል። ሌላው "ዓመቱን ሳይጨርሱ መውረዳቸው ይታወቃል" ብሎ ይደመድማል። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች የያዙት ሚዛን ልክ አይደለም።

"ዋንጫው የኛ ነው" የሚሉት የሚመዝኑት በ2011 ነው። ትዝታው እውነት ነው፤ መቐለ በሊጉ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ሆኖ ከፋሲል ከነማ ጋር እስከ መጨረሻው ሳምንት ተፎካክሮ ሻምፒዮን ሆኗል። ግን ያን ድል ምን አመጣው? አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አድርገው የመጡ ሰው ናቸው። አማኑኤል ገብረሚካኤል በ18 ጎል የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ነበር። በረኛው ከኢኳቶሪያል ጊኒ የመጣው ፊሊፕ ኦቮኖ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በትግራይ ስታዲየም የሚሞላው ሕዝብ ነበር። ዛሬ ከእነዚህ መካከል ስሙና ማሊያው አሉ። የቀረው ሁሉ እንደ አዲስ መሠራት ያለበት ነው።

ሊጉም ያው አይደለም። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ክለቦቹም ከሊጉ ውጭ ሆኑ። እነሱ በሌሉበት ፋሲል አንድ ጊዜ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሁለት ጊዜ፣ ንግድ ባንክ አንድ ጊዜ ዋንጫ አንስተዋል። አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል ያገባውም በዚሁ ጊዜ ነው። ጨዋታው በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ፤ ውድድሩም በተመረጡ ጥቂት ከተሞች በዙር እንዲካሄድ ተደረገ። ይህ ለኛ ክለቦች ትልቅ ነገር ነው። በ2011 መቐለ ላይ መጥቶ ነጥብ ይዞ መሄድ ከባድ ነበር። አሁን የሜዳ ጥቅም የሚባል ነገር የለም፤ ደጋፊውም ቡድኑን የሚያየው በብዛት በቴሌቪዥን ነው።

"አዲስ ገቢ ሆኖ ዋንጫ ያነሳ የለም እንዴ?" የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። አለ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ ንግድ ባንክ በ2016 በገቡበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነዋል። ግን ሁለቱም ከሊጉ በታች ባለው ውድድር ዓመቱን ሙሉ ሲጫወቱ ቆይተው ያደጉ ናቸው፤ የተላመደ ቡድን ይዘው ገቡ። የኛዎቹ የሚመለሱት ከእንቅስቃሴ ሳይሆን ከመቋረጥ ነው። ገንዘብና ስም ብቻውን እንደማያድን ደግሞ ደደቢት ምስክር ነው፤ በ2005 ሻምፒዮን የነበረው ክለብ በ2011 ወርዷል።

እዚህ ላይ ከአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አንድ ትምህርት መውሰድ ይቻላል። የዚያ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ውድድራቸውን በኅዳር አካባቢ ሲጀምሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገጥሙት ከራሳቸው ምድብ ውጭ ያሉ ቡድኖችን ነው። ትልልቆቹ ደከም ያሉትን ሜዳቸው ድረስ ጠርተው ያሸንፋሉ። ወደ አዲሱ ዓመታቸው ግድም በየምድባቸው መጫወት ሲጀምሩ ግን በደንብ ከሚያውቃቸው ተጋጣሚ ጋር በሰው ሜዳ ይገናኛሉ፤ እውነተኛው ደረጃቸው የሚለየው ያኔ ነው። ስለዚህ አዋቂዎቹ "ስንት አሸነፈ?" ብቻ ብለው አይቆሙም፤ "ማንን አሸነፈ? የት አሸነፈ? ከአምና ስንት ተጫዋች ቀረው?" ይላሉ። እኛም በወዳጅነት ጨዋታ ውጤት ከመጨፈራችን በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ብንጠይቅ ይበጃል።

የሦስተኛውን ጥያቄ ክብደት የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቨርጂኒያ አንደኛ ተብሎ በገባበት አገር አቀፍ ውድድር ዩኤምቢሲ በሚባል 16ኛ ደረጃ በተሰጠው ቡድን 74 ለ54 ተሸነፈ። በወንዶች ውድድር እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር፤ መሳለቂያ ሆኑ። አሰልጣኙ ቶኒ ቤኔት አልተባረሩም፤ ዋና ዋና ተጫዋቾቹም አልተበተኑም። በዓመቱ ያው ቡድን ሻምፒዮን ሆነ። ውርደቱን ወደ ዋንጫ የለወጠው ሳይበተን መቆየቱ ነው። የኛ ክለቦች ያጡት ደግሞ በትክክል ይህንን ነው።

ያጡት የተፈራረሙትን ተጫዋቾች ብቻ አይደለም። በ2012 የ16 ዓመት ልጅ የነበረ ተስፈኛ በ2017 21 ዓመት ሞልቶታል። ተጫዋች ተጫዋች የሚሆንባቸውን ዓመታት ያለ ትምህርት ቤት፣ ያለ ታዳጊ ቡድን፣ ያለ ውድድር አሳልፏል። ይህ ክፍተት በአንድ የዝውውር መስኮት አይሞላም። "ይወርዳሉ" ብለው የሚስቁት ወገኖችም ይህን ቢያስቡ ሳቃቸውን ይቀንሱ ነበር።

እንግዲህ ግምቴን ልናገር። መቐለ ሰፊ ደጋፊና የሻምፒዮንነት ስም ስላለው ተጫዋች መሳብ ይችላል፤ ከሦስቱ የተሻለ ዕድል ያለው እሱ ነው። ሆኖም በመካከለኛ ደረጃ ቢጨርስ ትልቅ ስኬት ብለን መቀበል አለብን። ስሑል ሽረ ቀድሞም ለመትረፍ መታገልን የሚያውቅ ቡድን ነው፤ ከአቻዎቹ ጋር በሚያደርጋቸው ጨዋታዎች ነጥብ ከያዘ ይተርፋል። በጣም የሚያሳስበኝ ወልዋሎ ነው።

ወልዋሎ እኛን ተማሪዎችን ይበልጥ ይመለከተናል፤ የዩኒቨርሲቲ ስም የያዘ ክለብ ነውና። አዲግራት ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ የተዘረፈ ተቋም ነው። ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መጻሕፍትና የተማሪ መኝታ ወደ ቦታው መመለስ ያለበት ዩኒቨርሲቲ ለኳስ ተጫዋች የሚመድበው ብር እያንዳንዱ ጥያቄ ቢነሳበት አይገርምም። በአሜሪካ በዩኒቨርሲቲ ስም የሚጫወተው ልጅ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እዚህ ግን ስሙ የዩኒቨርሲቲ፣ ተጫዋቹ ቅጥረኛ ነው። ክለቡ ይዘጋ አልልም፤ ለአዲግራት ሕዝብ ከኳስ በላይ ትርጉም አለው። ነገር ግን ለተማሪዎች የሙከራ ዕድል የሚሰጥ፣ የስፖርት ሳይንስ ክፍሉን በአሰልጣኝነትና በሕክምና የሚያሳትፍ፣ ታዳጊ የሚያሳድግ ከሆነ ወጪው ትርጉም ይኖረዋል። በየዓመቱ ውድ ተጫዋች እየገዛ ለመትረፍ ከሮጠ ግን በዚህ ዓመት ባይወርድ በሚቀጥለው ይወርዳል።

በመጨረሻ ስለ ግምት አንድ ነገር። መገመትና መከራከር የኳስ ጣዕም ነው። ግምቱ ወደ ቤቲንግ ቤት ሲሄድ ግን ሌላ ነው። ቁማር በዲናችን ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልግም። ሒሳቡን ብቻ ብናይ እንኳን፣ አምስት ዓመት ሊጠጋ ሊጉን ያልተጫወተ ቡድን ምን እንደሚያደርግ አሰልጣኙም በእርግጠኝነት አያውቅም። ከቤት የተላከችውን የወር ወጪ በእሱ ላይ የሚያስይዝ ተማሪ ግን በግቢያችን አለ። ተሸንፎ ሲመለስ የሚሰድበው ደግሞ ተጫዋቹን ነው፤ ምናልባትም ከጦርነቱ ወንድሙን ቀብሮ የመጣውን ልጅ።

ስለዚህ ጨዋታው ሲጀመር አብረን እንይ፣ እንከራከር፣ እንበሳጭም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች መጥፎ ቢሆኑ ግን "አሰልጣኙ ይባረር" ለማለት አንቸኩል። ዘንድሮ ዋንጫው በሊጉ መቆየት ነው። ሦስቱም ሳይበተኑ ለሚቀጥለው ዓመት ከደረሱ፣ ስለ ሌላው ዋንጫ ያኔ እናወራለን፤ ኢንሻአላህ።