ቀረጡን ስትቆጥሩ ዲግሪውንም ቁጠሩልን!

በቅርቡ አንድ ሌሊት በተከራየሁት ቤት የቦይለሩ የሙቅ ውሃ መውጫ ፍሌክሲብል ፈነዳ። ደግነቱ ሰው አልነካም፤ ምንጣፌና ወረቀቶቼ ግን ትኩስ ውሃ ሲጠጡ አደሩ። ጠዋት የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ የተቀደደውን አገላብጦ አየና “ይሄ እኮ ለቀዝቃዛ የሚሆን ነው” አለኝ። አዲስ ልገዛ ሄጄ “ስንት ዲግሪ ይችላል?” ብል ባለሱቁ ሳቀብኝ። “ወንድሜ፣ ቀይ ክር ካለው የሙቅ ነው። ሁሉም ያው ነው!”

ያው አይደለም! ቀይ ክር ቀለም እንጂ መለኪያ አይደለም። ከላይ የሚያብለጨልጨው የሽቦ ሽሩባም ግፊትን ይይዝ እንደሆነ እንጂ ሙቀትን አይመክትም። ውሃው የሚያገኘው ውስጡን ነው። ውስጡ ተራ ፕላስቲክ ከሆነ 60 ዲግሪ አካባቢ ይልፈሰፈሳል፤ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ግን 90 ዲግሪ የሚችል ይገኛል። ቦይለር ደግሞ ባክቴሪያ እንዳይራባበት 60 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ቴርሞስታቱ የተበላሸ ዕለትማ ወደ መፍላቱ ይሄዳል። “አዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል” የሚለኝ አይጠፋም። እሱ ክዳኑ ለተከፈተ ድስት ነው፤ ግፊት ያለበት ዝግ ቦይለር ውስጥ ከ100 በላይም ይወጣል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ፍሌክሲብሉ የሚችለው ግፊት ይቀንሳል። በፈረቃ ጠፍቶ የከረመ ውሃ በጉልበት ሲመለስ ምን እንደሚከተል አስቡት።

ስለዚህ ዲግሪ የሚመረጠው ለደህናው ቀን ሳይሆን ለክፉው ቀን ነው። 60 ዲግሪ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰኮንድ አካባቢ ክፉኛ ያቃጥላል። ሕፃንንማ ያን ያህልም አይጠብቅ!

ለመሆኑ ይህ ዕቃ በየት በር ገባ? በር ላይ ቀረጡ ሲቆጠር ዲግሪው ለምን አይቆጠርም? በጋዜጣ ላይ የወጣችውን አንዲት ቃል በአጉሊ መነጽር የሚፈልጉ ዓይኖች፣ ፍሌክሲብል ላይ ያልተጻፈውን ቁጥር ማየት እንዴት ተሳናቸው?

የሚመለከታችሁ ሁሉ! ዲግሪውና ባሩ ያልታተመበት ፍሌክሲብል አገር አይግባ፤ ከገባም አይሸጥ። አከራዮችም በሳንቲም ቁጠባ የሰው ልጅ አታስቀቅሉ። አንተም አንባቢዬ፣ ለሙቅ መስመር 90 እና ከዚያ በላይ የሚል ካላየህ ገንዘብህን ኪስህ መልስ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።