የአሮጌው ፕሪሙስ ዕድሜ

አንባቢ ሆይ፥ ሐሙሲት ገበያ ወርደህ ከውራጅ ዕቃ መካከል የናስ ፕሪሙስ ብታገኝ፥ በዋጋ ከመከራከርህ በፊት ገልብጠህ እየው። ይህን የላምባ ምድጃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 የፈለሰፈው የስቶክሆልሙ ፍራንስ ሊንድክቪስት ነው፤ ጥላሸት ስለማያወጣና ለጉዞ ስለሚመች አሙንድሰን በ1911 ደቡብ ዋልታ ድረስ ይዞት ሄዷል። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ፋብሪካው በምድጃው ላይ የዓመት ምልክት የሚሆን የላቲን ፊደል ይመታ ነበር፤ «ኤ» 1911፥ «ቢ» 1912 ማለት ነው። ስለዚህ ናሱን ስታጸዳ ፊደሉን በአሸዋ ፈግፍገህ አታጥፋ፤ ለመሞከር ብትሻም ቤንዚን አታግባበት፥ ሊፈነዳ ይችላልና። ቆራሌው ናሱን በኪሎ ይገዛል፤ ምድጃው አንዴ ከቀለጠ ግን ዕድሜውን የሚነግረን የለም።