«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ኮምፒውተሩ የተንቀረፈፈበት ሰው ጥገና ቤት ሲሄድ የሚሰማው ፍርድ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ» ወይም «አርጅቷል፣ ሌላ ይግዙ»። የመጀመሪያው ቅጂ ያልተያዘለትን የመመረቂያ ጽሑፍና የቤተሰብ ፎቶ ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ ሆኗል። ሁለቱም ፍርዶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ማስረጃው ሳይታይ ነው።

ማስረጃው እዚያው ማሽኑ ውስጥ አለ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ ምን ያህል እንደተያዙ በመቶኛ ያሳያል። «ሜሞሪ» የሚለው ርዕስ ሲጫን ብዙ የሚበላው ፕሮግራም ከላይ ይሰለፋል። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ንባቡም ከባድ አይደለም። ሜሞሪው 90 በመቶ አልፎ ከላይ የተቀመጠው ክሮም ከሆነ፣ ጥፋቱ ተከፍተው የተረሱት ገጾች ናቸው። ገጾቹ ተዘግተውም ካልቀለለና ማሽኑ ያለው 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ከሆነ፣ ራም መጨመር አዲስ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተቸንክሮ ከቀረ፣ ተጠርጣሪው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው፤ በኤስኤስዲ ሲቀየር ብዙ ማሽን ነፍስ ይዘራል። ምንም ሳይከፈት ሲፒዩው ሽቅብ ከወጣስ? አፕዴት ወይም የቫይረስ ፍተሻ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት መጠበቅ ነው። አልወርድ ካለ ግን ከ«ክራክ» ፕሮግራም ጋር ሾልኮ የገባ፣ በባለቤቱ መብራት ለሌላ ሰው ክሪፕቶ የሚቆፍር ሶፍትዌር ሊኖር ይችላል።

እርግጥ ታስክ ማናጀር ሁሉን አይናገርም። እሱ ሲከፈት ሥራቸውን አቁመው የሚደበቁ ቫይረሶች አሉ። ያኔ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ «አርጅቷል» ማለት ይበልጥ ቀሏል። ይህ ግን የደኅንነት እንጂ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም። ሁለቱን ማደባለቅ የሚጠቅመው ሻጩን ነው።

ጥሩ ባለሙያ ቁጥሩን አይቶ የመጣ ደንበኛን አይጠላም። «ዲስኩ ለምን 100 በመቶ ሆነ?» የሚል ጥያቄ የሚያስቆጣው ጠጋኝ ካለ፣ ኮምፒውተሩን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ መሻገር ነው።